ዲስከስ በባሕር ዳር፦ ለቆሮሶ ዘመድ ሙቅ ቤት አሠራር

እኛ ቤት እንግዳ መጥቶ ሳሎን ያሉትን ዓሦች ሲያይ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። "ይበላል?" ይላል። ጣና ዳር ባደገ ሰው አልፈርድም። እኛ ዘንድ ዓሣ ጥብስ ነው፣ ኮተሌት ነው፣ ጉላሽ ነው። ቁጭ ብለው የሚያዩት ዓሣ አላደግንበትም።

እነዚህ ዲስከስ ይባላሉ። አገራቸው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ እንጎቻ በጠርዙ ቆሞ ሲዋኝ አስቡት። ሲያድጉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ዝምድናቸው ደግሞ ከቆሮሶ ጋር ነው፤ ሁለቱም ሲክሊድ የሚባለው ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዝምድናው ግን አያታላችሁ። ቆሮሶ ብርዱንም ድፍርሱንም ችሎ ያድራል። ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል፤ ንጹሕና ጸጥ ያለ።

"ባሕር ዳር እኮ ሞቃት ናት" ትሉኛላችሁ። በሚያዝያ ቀትር ልክ ናችሁ። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የከተራ ዕለት ታቦት ልሸኝ ወጣሁ። ማታ ስመለስ መብራት የለም። መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ ሰውም የለም። "ይመጣል" ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 23 ይላል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓሦቼ ጠቁረው፣ ክንፋቸውን አጥፈው አንድ ጥግ ተደራርበዋል። ሁለቱ በዚያው ሳምንት ሞቱ። ገንዳዬ ትንሽ ነበር፤ ክዳንም አልነበረውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምለውን ነው።

መጀመሪያ ገንዳው

"ለጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይሻላል" የሚባለውን አትስሙ። ትንሽ ውኃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይቆሽሻል። ለአንድ ያደገ ዲስከስ 40 ሊትር ያህል አስቡ። ደግሞ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን እያሳደደ ከምግብ ያስቀረዋል። ስድስት ሲሆኑ ዱላው ይከፋፈላል። ስለዚህ ልኩ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድ፣ 50 ቁመት ይሁን። ይኼ 240 ሊትር ነው።

መስታወት ቤት ስታሠሩ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት እዘዙ። ሲሊኮኑን ራሳችሁ አይታችሁ ግዙ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ የሚከላከል መርዝ ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ገንዳው ሲያልቅ ግቢ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ሁለት ቀን አቆዩት። ካንጠባጠበ ሳሎን ሳይሆን ግቢ ያንጠባጥብ።

ውኃው ብቻ 240 ኪሎ ነው። የቡና ጠረጴዛ አይችለውም። ብረት አስበይዱ፣ በውኃ ልክ አስተካክሉ፣ ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም አንጥፉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። የአየር ፓምፑ የቤቱን አየር ስቦ ውኃው ውስጥ ያስገባል። በርበሬ ሲታመስ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ የትንኝ መድኃኒት ሲነፋ ሁሉም ወደ ዓሣው ይሄዳል። ዕጣኑን ተዉት፤ የትንኝ መድኃኒት ግን ለዓሣ ቀጥተኛ መርዝ ነው። የወባ ርጭት የሚመጣ ቀን ፓምፑን ንቀሉ፣ ገንዳውን በላስቲክ አፍናችሁ ሸፍኑ። ርጭቱ አልቆ ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ክፈቱ። ይህ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ዓሣዎቹም መተንፈስ አለባቸው።

ሙቀት

ለ240 ሊትር 300 ዋት ያስፈልጋል። ግን አንድ ባለ 300 ሂተር አትግዙ። ሁለት ባለ 150 ግዙ። አንዱ ሞቶ ቢቀር ሌላው ያቆያል። አንዱ አልጠፋ ብሎ ቢበላሽ ደግሞ ብቻውን ዓሣውን አይቀቅልም። 300 ዋት 240 ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 24 ላይ ከደረሰ ወደ 29 ለመመለስ ግማሽ ሌሊት ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀት ከመጨመር ማቆየት ይቀላል። ክዳን ይኑረው። ጀርባውንና ጎኖቹን የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ነጭ ፎም ሸፍኑ። ከፊት ብቻ ይታይ።

የመብራት ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ቢኖር ጥሩ ነው። ገመዶቹ ከሶኬቱ በታች ወርደው ተመልሰው ይውጡ፤ በገመዱ የሚንጠባጠብ ውኃ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ውኃ ስትቀይሩ ሂተሩን አስቀድማችሁ ንቀሉ። በርቶ ከውኃ በላይ ከቀረ ይሰነጠቃል።

አየር

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት በባሕር ወለል አካባቢ ነዋ። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ላይ ነው። በባሕር ወለል ላይ 29 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 7.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እኛ ዘንድ ያው ውኃ የሚይዘው ወደ 6.2 ነው። አንድ አምስተኛው ሄዷል። ውኃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ የባሰ ይቀንሳል። ከፍታውና ሙቀቱ ተባብረው ነው የሚመጡባችሁ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለት የስፖንጅ ፊልተር በሁለት የተለያዩ የአየር ፓምፖች አስገቡ። ስፖንጁ ውኃውን ያጠራል፣ አረፋው ላይኛውን ውኃ ያንቀሳቅሳል። አንደኛው ፓምፕ በባትሪም የሚሠራ ይሁን። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ወይም በራሳቸው ጎንና ጎን ያለው መተንፈሻቸው፣ ስንጥቡ፣ ቶሎ ቶሎ ከተርገበገበ አየር አንሷቸዋል። ምግብ ፍለጋ አይምሰላችሁ።

ውኃ

ጣና እደጃችሁ እያለ የውኃ ችግር አለ ብሎ ማሰብ ያስቃል። የጣና ውኃ ግን አይሆንም። አልካሊ ነው፤ ቀንድ አውጣና ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። እናንተም ለመቅዳት ስትገቡ ቢልሃርዚያ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

የቧንቧ ውኃ ተጠቀሙ፤ ቀጥታ ግን አይደለም። ባለ 200 ሊትር የላስቲክ በርሜል ግዙ፣ ከፓምፕ የመጣ አንድ የአየር ቱቦ ጣሉበት፣ አንድ ቀን ሙሉ ይንፈቅፈቅ። ክሎሪኑ ይወጣል። ከመሬት ውስጥ የመጣ ውኃ ከሆነ በውስጡ ያለው ጋዝም ይወጣና ፒኤች (የውኃው አሲድነት ወይም አልካሊነት ልክ) ይለወጣል። ስለዚህ ፒኤች የምትለኩት ገና ከቧንቧ እንደወረደ ሳይሆን በነጋታው ነው። ሰፈራችሁ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በርሜሉ ሁለት ይሁን።

ከ6 እስከ 7.5 ባለው ፒኤች ውስጥ ከሆነ አትንኩት። ትንሽ ከፍ ቢልም በእርባታ የተወለዱ ዲስከሶች ይለምዱታል። የማይለምዱት ዛሬ 7፣ ነገ 6፣ ከነገ ወዲያ 8 የሚሆን ውኃ ነው። ሎሚ የሚጨምቁ ሰዎች አይቻለሁ። አታድርጉት።

ውኃችሁ በጣም ጨዋማና ከባድ (ማዕድን የበዛበት) ከሆነ የክረምት ዝናብ አለላችሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን አትቅዱ። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው፣ እንደ ዝናብ ባለ ማዕድን ያነሰው ለስላሳ ውኃ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ግቢ ውስጥ ንጹሕ ላስቲክ በአራት እንጨት ወጥሩ፣ መሐሉን አርግቡት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። አሥር ካሬ ላስቲክ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት አንድ በርሜል ሞላ። የመጀመሪያውን ዝናብ ድፉት፤ አቧራ ነው። ከቧንቧው ጋር ሲሶ ያህል ቀላቅሉ፤ ብቻውን አትጠቀሙበት።

እርሾ

ገንዳው ሞላ፣ ሞቀ፣ ያበራል። ዓሣ ግን ገና ነው። የዓሣ ኩስና የምግብ ትርፍ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ መራባት አለባቸው። ያለ እነሱ ዓሣው በራሱ ሽንት ተመርዞ ይሞታል። ፒኤች ከፍ ባለና በሞቀ ውኃ ውስጥ ደግሞ አሞኒያ የበለጠ ይመርዛል።

በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ባዶው ገንዳ ውስጥ ጣሉ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ዓሣ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ግን ያገለገለ ስፖንጅ ለምኑት። ልክ እንደ እንጀራ እርሾ ነው፤ ካለበት ወስደህ የሌለበት ላይ ትጥላለህ። እርጥብ ሆኖ፣ በሰዓታት ውስጥ ይድረስ። መመርመሪያ ወረቀቱ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ሲል ዓሣ ግዙ።

ይህን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ እንዳታጥቡት። ክሎሪኑ እርሾውን ይገድለዋል። ከገንዳው በወጣ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨምቃችሁ መልሱ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሳይሆን ተራ በተራ።

ግዢና ጉዞ

ሦስት ሳንቲ ሜትር የምታህል ርካሽ ዲስከስ አትግዙ፤ ማሳደጉ የባለሙያ ሥራ ነው። ሰባት ስምንት ሳንቲ ሜትር የደረሱትን ምረጡ። መጀመሪያ ዓይኑን እዩ። ዓይኑ ከአካሉ አንጻር ትልቅ ከሆነ ያ ዓሣ ተርቦ የቀጨጨ ነው፤ ዕድሜው ሄዷል፣ አካሉ ቀርቷል። ከዚያ ክበቡን እዩ፤ ወደ ሞላላ ያደላ አይሁን። የጠቆረ፣ ጥግ የያዘ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚተነፍስ ካለ እሱን ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር ያሉትንም ተዉ። ሻጩን "እስቲ አብላቸው" በሉት። ሮጠው ካልመጡ እናንተም ሂዱ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ካመጣችሁ ጣጣው ትንሽ ነው። በአውቶቡስ ከሆነ ቀን ሙሉ ነው፤ ደጋው ላይ ይበርዳል፣ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ያቃጥላል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ እንደገና ይበርዳል። ዓሦቹ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሙሉ ምግብ አይስጧቸው። እያንዳንዱ ለየብቻው በድርብ ላስቲክ፣ ሲሶ ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛ ኦክስጅን፣ ከዚያ ክዳን ባለው ፎም ሳጥን። ሳጥኑ እግራችሁ ሥር እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫን።

ቤት ስትደርሱ መብራቱን አጥፉ። ላስቲኩን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ገንዳው ላይ አንሳፉት። ከከፈታችሁ በኋላ ግን አትንቀርፈፉ። ዓሣው ሲተነፍስበት የዋለው ውኃ አየር ሲያገኝ ፒኤቹ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የተጠራቀመው አሞኒያ ይነቃል። ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ የላስቲኩን ውኃ ድፉት። ሌላ ዓሣ ካላችሁ አዲሶቹን ለ4 ሳምንት ለብቻ አቆዩ።

ምግብ

ለዲስከስ የቆየው ታዋቂ ምግብ የበሬ ልብ ነው። ሥጋ ቤት ስትጠይቁ ለውሻ ይመስላቸዋል። አንድ ልብ ግዙ። ጮማውን፣ ሽፋኑን፣ ጅማቱን፣ የደም ሥሩን ሁሉ ጥርግ አድርጋችሁ ጥሉ፤ ቀይ ሥጋ ብቻ ይቅር። የበሬ ስብ ለዓሣ አይፈጭም። ቀዩን ፍጩ። ሩብ ያህል የተቀቀለና አጥንቱ የወጣለት ቆሮሶ፣ አንድ እፍኝ ቀቅላችሁ የጨመቃችሁት ቆስጣ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ጨውም ዘይትም የለም። በላስቲክ ውስጥ እንደ ቂጣ ስስ አድርጋችሁ ዳምጡና ፍሪዘር ክተቱ። በየቀኑ የጣት ጥፍር የሚያህል ቆርሳችሁ ትሰጣላችሁ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ዓሦቹ ግን አይጾሙም። የቅበላ ሰሞን ሁለት ልብ ገዝቼ እፈጫለሁ። ባለቤቴ ለዚሁ ሥራ የተለየ ቢላና መክተፊያ ገዝታ ሰጥታኛለች። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

ልብ ብቻውን አይበቃም። ሳምንቱን ከደረቅ የዲስከስ ምግብ ጋር አፈራርቁ። ልጆቹ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ ያደጉት 2 ወይም 3 ጊዜ። በ10 ደቂቃ ያልተበላውን በቱቦ ሳቡት። ወለሉን ባዶ መስታወት ያደረግኩትም ለዚህ ነው፤ አሸዋ ያምራል፣ ግን ትርፉን ይደብቃል።

ውኃ መቀየር

በማደግ ላይ ያሉትን በየቀኑ ወይም በአንድ ቀን ልዩነት ሲሶውን፣ ያደጉትን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል። ችግሩ በርሜል ውስጥ ያደረው ውኃ 20 ዲግሪ መሆኑ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። 70 ሊትር የበርሜል ውኃ ላይ 10 ሊትር የፈላ ውኃ እጨምራለሁ። ባሕር ዳር ላይ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ 80 ሊትር የ29 ዲግሪ ውኃ ይሆናሉ። የምቀላቅለው ገንዳው ውስጥ ሳይሆን በርሜሉ ውስጥ ነው። አማስላለሁ፣ ቴርሞሜትር እነክራለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ እሞላለሁ። ማፍያው ዘይት ነክቶት የማያውቅ ድስት ይሁን።

የወጣው ውኃ ማዳበሪያ ነው። ጎመኑና ዘይቱኑ ሥር አፍስሱት። ወደ ሐይቁ ግን አይሂድ። የሰለቻችሁን ዓሣ ወይም የገንዳ ተክልም ጣና ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ስንት ክንድ ሲነቅለው እንደከረመ አይተናል። ዲስከሱ ራሱ በሐይቁ ብርድ ይሞት ይሆናል፤ ይዞት የሚገባው ተውሳክ ግን አብሮት ላይሞት ይችላል።

መብራት ሲጠፋ

መጀመሪያ አየር፣ ሙቀት ቀጥሎ። የባትሪውን ፓምፕ አብሩ። ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየጥቂት ደቂቃው። ሁለተኛ፣ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉ፤ ከላይ ትንሽ ክፍተት ተዉ። ሦስተኛ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የሞቀ ውኃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፉበት። 90 ዲግሪ ከሆነ 240 ሊትሩን ከአንድ ዲግሪ በላይ ያነሳዋል። እንዳይፈስ አስቀድማችሁ ከገንዳው ትንሽ ውኃ ቅነሱ። መብራት እስኪመጣ አታብሏቸው። ማታ ከጠፋ ደግሞ "ይመጣል" ብላችሁ አትተኙ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልካችሁ ይቀስቅሳችሁ።

ሲታመሙ

ዲስከስ ሲከፋው ይጠቁራል። መጀመሪያ የምትመረምሩት ውኃውን ነው። አብዛኛው ጊዜ ሲሶውን ቀይራችሁ ሙቀቱን ስታስተካክሉ ይመለሳል።

መብላት አቁሞ ነጭ፣ እንደ ክር የሚጎተት ኩስ ከጣለ አብዛኛውን ጊዜ የአንጀት ተውሳክ ነው። እኛው ለአሜባ የምንውጠው ሜትሮኒዳዞል ይሠራል። ሕመምተኛውን ወደ ሌላ ትንሽ ገንዳ አውጡ። ለ40 ሊትር 250 ሚሊግራም ፈጭታችሁ በጥብጡ፤ በየቀኑ ውኃውን በከፊል እየቀየራችሁ ለተቀየረው ውኃ ልክ ጨምሩ፤ ለአንድ ሳምንት። ሙቀቱን ወደ 31 አድርሱት፣ አየሩንም ጨምሩ።

በአንድ ጎን ብቻ የሚተነፍስና ከዕቃ ጋር የሚታሸት ከሆነ የስንጥቡ ትል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኩዋንቴል ነው፤ ያው የቢልሃርዚያው ክኒን። አንድ ባለ 600 ሚሊግራም ፍሬ ለ240 ሊትር ይበቃል። በቀላሉ ስለማይሟሟ በደንብ አድቅቁት። ፋርማሲ ሄጄ "ለማን ነው?" ሲሉኝ "ለዓሣ" ብዬ ሥቀውብኛል። እናንተ የእንስሳት ሐኪም አነጋግራችሁ ሂዱ፤ ማዘዣም ይጻፍላችኋል።

ቢዋለዱ

ከስድስቱ ሁለቱ ተነጥለው አንድ ጥግ ማጽዳት ከጀመሩ ጥንዶች ናቸው። እንቁላሉ ከሁለት ቀን ተኩል በኋላ ይፈለፈላል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው ልጆቹ ሲዋኙ የወላጆቻቸውን ገላ ይከብባሉ። የሚበሉት ከአባትና ከእናት ቆዳ ላይ የሚወጣውን ልጋግ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ይህኛው ዘመዷ በቆዳው ያጠባል። አንዱ ሲደክመው ገላውን ነቅነቅ አድርጎ ልጆቹን ወደ ሌላኛው ያሻግራቸዋል።

በከባድ ውኃ ውስጥ ብዙው እንቁላል አይፈለፈልም፣ ነጭ ሆኖ ይበሰብሳል። የእኔዎቹ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነባቸው። ዘንድሮ ከነሐሴ ዝናብ የተረፈኝን አንድ በርሜል ክዳኑን ገጥሜ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ።